ከኦርጅናልና ከፎርጅድ መካከል፦ አሮጌ ሮሌክስ ሰብማሪነር ስለ መግዛት

ይህን ግምገማ የምጽፈው ሁለት ጊዜ ገዝቼ አንዱን ከመለስኩ በኋላ ነው። ሁለቱም ጊዜ የፈለግኩት አንድ ዓይነት ሰዓት ነበር፤ ሮሌክስ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙም ሳይለውጥ ሲሠራው የኖረው፣ የሞዴል ቁጥሩ 5513 የሆነው፣ ቀን የማያሳየው የጠላቂዎች ሰዓት፣ ሰብማሪነር። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያውን በፎቶግራፍ ብቻ አይቼ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በ8,400 ዶላር ገዛሁና በሦስተኛው ሳምንት መለስኩት። ሁለተኛውን ፊላደልፊያ ከተማ፣ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ተደርድረው በሚገኙበት በሳንሶም ጎዳና፣ በእጄ ይዤ፣ የጀርባ ክዳኑን አስከፍቼና በአጉሊ መነጽር መርምሬ በ9,800 ዶላር ገዛሁት። አሁን ስምንት ወር አስሬዋለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሰዓቱም ስለ አገዛዙም የምለው አለኝ።

እኛ ስለ ዕቃ ስንነጋገር ሁለት ቃል ይበቃናል፤ ዕቃው ወይ ኦርጅናል ነው ወይ ፎርጅድ። መርካቶ ወርዶ ጫማ ለሚገዛ ሰው ይህ አከፋፈል ችግር የለውም። ሃምሳ ዓመት የኖረ ሰዓት ለሚገዛ ሰው ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍል በእርግጥ ከሮሌክስ ፋብሪካ የወጣ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ በጠቅላላው እውነተኛ ላይሆን ይችላል። ቀፎው፣ ማለትም የውጭ አካሉ፣ በ1968 የተሠራ፣ ፊቱ ከ1978 ሰዓት የተነቀለ፣ ቆጣሪዎቹ፣ ማለትም ሰዓትና ደቂቃ የሚያመለክቱት እጆች፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጥገና የተተኩ፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ከሌላ ሞዴል የመጣ ሰዓት በገበያው ላይ ሞልቷል፤ ሻጩም «ኦርጅናል ሮሌክስ ነው» ሲል በቃሉ አልዋሸም። ይህን ዓይነቱን እኔ ልቅምቃሚ እለዋለሁ። ፎርጅዱን አንድ ልምድ ያለው ሰዓት ሠሪ በደቂቃዎች ውስጥ ይለየዋል፤ ልቅምቃሚውን ለመለየት ግን ሰዓቱ በተሠራበት ዓመት ምን ምን እንደነበረው ማወቅ ይጠይቃል፤ የገዢ ገንዘብ በብዛት የሚቀልጠውም እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ የጀማሪ ገዢ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ ሰዓቱ የጠላቂ ሰዓት ባይሆንም ነገሩ ያው ነው። በኅዳር 2021 ጄኔቫ ላይ ፊሊፕስ የተባለው አጫራች ድርጅት ባካሄደው ጨረታ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው ለሙዚየሙ ያሰበው ራሱ ኦሜጋ ነበር። በ2023 ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን፣ በነገሩም ውስጥ የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንደነበረበት አስታወቀ። ሰዓቱን የሠራው ፋብሪካ የራሱን ሥራ ገዝቶ ከተታለለ፣ በስልክ መስኮት ላይ ፎቶግራፍ እያገላበጥኩ የገዛሁት እኔ መታለሌ ብዙ አያስገርምም።

ለምን 5513ን መረጥኩ? አንደኛው ምክንያት ሰዓቱ ጌጥ ከመሆኑ በፊት የሥራ መሣሪያ መሆኑ ነው። በ1953 ብላንፓን የተባለው የስዊስ ሰዓት ፋብሪካ፣ ማሉቢየና ሪፎ የተባሉ የፈረንሳይ የጦር ጠላቂ መኮንኖች በጠየቁት መሠረት፣ ፊፍቲ ፋዘምስ የተባለውን የጠላቂ ሰዓት ሠራ፤ በዚያው ዓመት ሮሌክስም የመጀመሪያውን ሰብማሪነር አዘጋጅቶ በተከታዩ ዓመት በባዝል ከተማ የሰዓት ትርዒት አቀረበ። የጠላቂ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ከውኃ በታች የሚሠራ ሰው አየሩ ስንት ደቂቃ እንደቀረውና ወደ ላይ ሲመለስ ስንት ደቂቃ መቆየት እንዳለበት የሚያውቀው በእጁ ባሰረው ሰዓት ነበር። በፊቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀለበት፣ ቤዝል የሚባለው፣ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሲጠልቁ በላዩ ያለውን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው ፊት ለፊት ያደርጉታል፣ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው በቀለበቱ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር ያለፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ምክንያት 5513 ለሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ስለተሠራ በብዛት መገኘቱ ነው። ብዙ ስላለ የሚያነጻጽሩት አያጡም፤ የሚያነጻጽሩት ካለ ደግሞ የጎደለውና የተጨመረው ይታያል።

ሌሎቹንም አይቻለሁ። የ1960ዎቹ ኦሜጋ ሲማስተር 300 ከሰብማሪነር የሚያምር ሰዓት ነው፤ ሆኖም ፊቱም ቤዝሉም ቀፎውም ሳይቀር በአዲስ እየተሠራ ስለሚሸጥ ገበያው በልቅምቃሚ ተጥለቅልቋል፤ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል። የሮሌክስ ታናሽ ወንድም የሆነው ቱዶር በ1970ዎቹ የሠራው፣ አራት ማዕዘን ቆጣሪ ያለው ሰብማሪነር በቀፎውና በመሙያው፣ ማለትም በጎኑ ባለችው በምትዞረው ቁልፍ፣ ላይ የሮሌክስ ምልክት ያለበት ሲሆን ማሽኑ ግን ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ነው፤ ገንዘብ ላጠረው ሰው ጥሩ አማራጭ ይመስለኛል። ቀን የሚያሳየው የሮሌክስ ሰብማሪነር፣ 1680፣ በተለይ ስሙ በቀይ የተጻፈበት፣ ለዚያች አንዲት ቀይ መስመር ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያስጨምር እኔን አላጓጓኝም። ደግሞም ቀይ ቀለም ዋጋ ካለው፣ ቀይ ቀለም የሚቀባ አይጠፋም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ግዢዬ። ሻጩ ሰዓቱ የ1969 እንደሆነና ፊቱ በጭራሽ ያልተነካ እንደሆነ ጽፎ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ የሰዓት ነጥቦቹ የተነጠረ ቅቤ የመሰለ ቀለም ነበራቸው፤ ቆጣሪዎቹም ያንኑ ቀለም ይዘዋል። ይህ ቀለም በዚህ ገበያ ትልቅ ዋጋ አለው፤ በጨለማ የሚያበራው ነጭ ቀለም በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫነት ሲለወጥ ሰብሳቢው ዕድሜውን በዓይኑ የሚያይበት ምስክር ነውና። ሰዓቱ ሲደርሰኝ በእውነት ያምር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከእጄ አላወለቅኩትም።

በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍቼ ስተኛ ሰዓቱ አበራ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቼ አሰብኩና ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮሌክስ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሰዓት ፊት ላይ ይቀባ የነበረው የሚያበራ ቀለም ሬዲየም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ትሪቲየም ሆነ። በ5513 ፊት ግርጌ፣ በስድስት ቁጥር ሥር፣ «ስዊስ» ከሚለው ቃል አጠገብ በላቲን ፊደል የተጻፈው «ቲ» «ያንሳል» ከሚለው የሒሳብ ምልክትና ከ25 ቁጥር ጋር የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የትሪቲየሙ መጠን ከ25 ሚሊኩሪ በታች መሆኑን። ትሪቲየም በየ12 ዓመት ከጥቂት ወሩ ግማሽ እየሆነ የሚሄድ ንጥረ ነገር ነው። ከ1969 ወዲህ ከአራት ጊዜ በላይ ተገምሷል ማለት ነው፤ በሌላ አነጋገር በዚያን ጊዜ ከነበረው ውስጥ የቀረው ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ አብሮት የተቀላቀለው የሚያበራ ዱቄትም አርጅቷል። ስለዚህ እውነተኛው የ1969 ፊት በጨለማ አይበራም፤ ኃይለኛ መብራት ቢበራበት ለጥቂት ሰኮንዶች ደብዝዞ ይታይና ይጠፋል። የእኔው ግን መኝታ ቤት ውስጥ ሰዓት እስኪነበብበት ድረስ ለረጅም ደቂቃዎች በራ። ይህን የሚያደርገው በ1990ዎቹ የመጣው አዲሱ ቀለም ነው። አንድ ሰው የድሮውን ፍቆ አዲሱን ቀብቶበታል፤ እርጅና እንዲመስልም ቢጫ ጨምሮበታል።

በማግስቱ ለሃያ ዓመት የሥዊስ ሰዓቶችን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። አሥር እጥፍ የሚያጎላውን መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙም አልቆዩም። በአራት ሰዓት ቁጥር ላይ ያለው ነጥብ ከታተመለት ክብ ወጥቶ ወደ ጥቁሩ መፍሰሱን፣ የአንዱ ነጥብ ውፍረት ከሌላው መብለጡንና በሰዓት ቆጣሪው ላይ የብሩሽ ጭረት መኖሩን አሳዩኝ። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱትና ማሽኑ ትክክለኛ መሆኑን፣ ቀፎውም ትክክለኛ መሆኑን ነገሩኝ። እንግዲህ ያ ሰዓት ፎርጅድ አልነበረም። ሻጩም በመልእክት የመለሰልኝ ይህንኑ ነበር፦ «ሰዓቱ ኦርጅናል ሮሌክስ አይደለም ብሎ የነገረህ ሰው አለ?» ገንዘቤን የመለሰልኝ ማስታወቂያው ላይ «ያልተነካ» ብሎ መጻፉን በፎቶግራፍ አስቀምጬ ስለነበር ነው፤ የመላኪያና የኢንሹራንስ 160 ዶላር ግን ከእኔው ሄደ። ለሚገዛ ሁሉ የምመክረው የመጀመሪያ ነገር ከዚህ የመጣ ነው፤ ሻጩ ስለ ፊቱ፣ ስለ ቆጣሪዎቹና ስለ ቀለሙ የሚለውን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የመመለሻ ጊዜውንም እንዲሁ። «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ብቻ ለክርክር አይበቃም።

ፊቱ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ሰዓት ዋጋ እጅግ ትልቁ ድርሻ ፊቱ ላይ ነው፤ ማሽን ይጠገናል፣ መስታወት ይቀየራል፣ የተነካ ፊት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። የ5513 ፊት በዘመኑ ተለዋውጧል፦ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ላይ ወርቅማ ጽሑፍ፣ ከዚያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የማያብረቀርቅ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም ነጥቦቹ በነጭ ወርቅ የተከበቡበት የሚያብረቀርቅ ጥቁር። በማያብረቀርቁት ውስጥም ቀደም ያሉት ጥልቀቱን «200 ሜትር = 660 ጫማ» ብለው ሜትሩን ሲያስቀድሙ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት ጫማውን ያስቀድማሉ። የ1975 ቀፎ ላይ ሜትር የሚያስቀድም ፊት ካዩ፣ ፊቱ እውነተኛ ቢሆንም ቤቱ ሌላ ነበር ማለት ነው።

በሳንሶም ጎዳና ያገኘኋቸው ነጋዴ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ የመስታወት ሣጥን፣ ሁለት በርጩማና አንድ የሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ሦስት 5513 አወጡልኝ። ክዳኑን እንዲከፍቱልኝ ስጠይቅ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ሰንሰለቱን ሳልጠይቅ ፈቱልኝ፤ ምክንያቱም የሞዴሉ ቁጥር በአሥራ ሁለት በኩል፣ ተከታታይ ቁጥሩ ደግሞ በስድስት በኩል፣ ሰንሰለቱ በሚገባባቸው እግሮች መካከል ተቀርጾ ስለሚገኝ ሰንሰለቱ ሳይፈታ አይነበብም። እውነተኛው ቅርጽ በሹል መሣሪያ የተቆረጠ ስለሆነ መስመሩ ጥልቅና ጥርት ያለ ነው፤ በአሲድ የተበላው ፎርጅድ ግን በመነጽር ሲታይ አሸዋማ ነው። የመረጥኩት ሰዓት ተከታታይ ቁጥሩ 3.2 ሚሊዮን አካባቢ ሲሆን ሰብሳቢዎች ይህን ቁጥር ወደ 1972 ያደርሱታል።

ከሦስቱ አንዱ በጣም ያብረቀርቅ ነበር፤ ልምድ የሌለው ሰው የሚመርጠው እርሱን ነው። ነጋዴው «ይህኛው ቀጥኗል» አሉኝ። ያሉት ስለ ክብደቱ አልነበረም። ሮሌክስ ሲሠራው አራቱ እግሮች ወፍራምና ጠርዛቸው ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠ ነበር፤ ሰዓቱ ለጥገና በገባ ቁጥር ጭረቱ እንዲጠፋ በሚሽከረከር ብሩሽ ሲሞረድ ሰያፉ ጠርዝ ይጠፋል፣ እግሮቹ ይሳሳሉ፣ በእግሮቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተበሱት ቀዳዳዎችም ወደ ጠርዙ የቀረቡ ይመስላሉ። እንደ ማንኪያ የሚያብረቀርቅ የሃምሳ ዓመት ቀፎ ማለት ብዙ ብረቱን ያጣ ቀፎ ማለት ነው። የእኔው ጭረት የሞላበት ነው፤ በግራ በኩል ባለው እግር ላይ የጥፍር ያህል ጥልቅ ጠባሳ አለ። ያ ጠባሳ ዋጋውን ሳይሆን የነጋዴውን የሽያጭ ፍጥነት ነው የቀነሰው። እኅቴ ዋጋውን ሰምታ ቀፎውን ስታይ «ለሰልባጅ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

የጀርባ ክዳኑ ውስጥ በ1960ዎቹ በተሠሩት ላይ ሩብ ዓመቱ በሮማ አኃዝ፣ ዓመቱ ደግሞ በሁለት አኃዝ ተመትቶ ይገኛል፤ የእኔው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ 5513 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። ማሽኑ 1520 የሚባለው፣ በራሱ የሚሞላ፣ ያለ ጌጥ የተሠራ ጠንካራ ማሽን ነው። መለኪያው ላይ ሲቀመጥ በቀን 5 ሰኮንድ ይቀድማል፤ ለዕድሜው ከጠበቅኩት የተሻለ ነው። ብሎኖቹ ላይ ዝገት አልነበረም፤ ዝገት ካለ ውኃ ገብቶበት ያውቃል ማለት ስለሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ትቶ መሄድ ይሻላል።

እንከን አልነበረውም አልልም። ሰንሰለቱ 93150 የሚባለው ሲሆን በመቆለፊያው ላይ ያለው ፊደል ከቀፎው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ያነሰ መሆኑን ያሳያል። ሮሌክስ ከ1976 ጀምሮ መቆለፊያው ላይ ዓመቱን በፊደል ይመታ ስለነበር ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ነጋዴውም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝና ዋጋውን በ400 ዶላር ዝቅ አደረጉት። የቤዝሉ ጥቁር አሉሚኒየም ወደ ግራጫነት ደብዝዟል፤ እርሱ ግን ለእኔ እንከን አይደለም። በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ መኖር ያለባት ትንሽ የምታበራ ነጥብ በኋላ ዘመን የተተካች ናት። ይህ ሁሉ በደረሰኙ ላይ ተጽፏል፤ ፊት፦ የመጀመሪያው፤ ቆጣሪዎች፦ የመጀመሪያዎቹ፤ ነጥብ፦ ምትክ፤ ሰንሰለት፦ ትክክለኛ ሞዴል፣ የኋላ ዘመን። እንዲህ ያለ ደረሰኝ የሚጽፍ ነጋዴ ካገኙ ከሰዓቱ በፊት ነጋዴውን እንደ ገዙ ይቁጠሩት።

ሣጥንና ወረቀት አልነበረውም፤ እኔም ስለ እርሱ ብዬ ተጨማሪ አልከፍልም ነበር። የድሮ ሣጥን ለብቻው ይሸጣል፣ ባዶ የዋስትና ወረቀትም እንዲሁ፤ ቁጥሩን መሙላት ከባድ አይደለም። ኦሜጋ ለረጅም ዓመታት ከመዝገቡ እየገለበጠ ሰዓቱ መቼ ተሠርቶ ወዴት እንደ ተላከ የሚገልጽ ጽሑፍ ለገዢዎች ሲሰጥ የኖረ ሲሆን፣ ሮሌክስ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ራሱ ስለ ራሱ ከሚናገረው በቀር ሌላ ምስክር የለም። ወረቀት በእውነት ዋጋ የሚኖረው የባለቤትነቱ ታሪክ ሲታወቅ ነው፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ፓቴክ ፊሊፕ በ2015 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ካቀረበው በኋላ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት እንደ ተነሣና በ2017 እንደገና ቀርቦ በሚሊዮኖች እንደ ተሸጠ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የዚያ ሰዓት እውነተኛነት አላጠያየቀም፤ ያጠያየቀው የማን ነው የሚለው ነበር። ለተራው ገዢ ይህ ማለት የተሰረቀ ሰዓት አለመግዛት ነው፤ ነጋዴው ተከታታይ ቁጥሩን ከጠፉና ከተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ ጋር እንዳመሳከረ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ያድርጉ።

አሁን በእጅ ላይ ስለ መዋሉ። ሰዓቱ 40 ሚሊሜትር የሚባል ቢሆንም ከዛሬው ሰብማሪነር ያነሰ ይመስላል፤ እግሮቹ ቀጠን ያሉ ስለሆኑ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ይገባል። ክብደቱ ቀላል ነው፤ መቆለፊያው ከስስ ብረት የተጣጠፈ በመሆኑ እጄን ሳወዛውዝ እንደ ጣሳ ይንኳኳል። በዚህ ዋጋ ይህን ድምፅ የሚሰማ ሰው ቢናደድ እውነት አለው፤ በ300 ዶላር የሚሸጥ የዛሬ ሰዓት ከዚህ የጠነከረ መቆለፊያ አለው። መስታወቱ ፕላስቲክ ነው፤ በቀላሉ ይጫራል፣ ነገር ግን በማለስለሻ ቅባትና በጨርቅ አሥር ደቂቃ ቢታሽ ጭረቱ ይጠፋል። ከፊቱ ላይ ጎበጥ ብሎ ስለተቀመጠ በጎን ሲያዩት ጥቁሩ ፊት ጥልቅ ውኃ ይመስላል፤ አዲሶቹ የሳፋየር መስታወቶች ይህን አይሰጡም።

ቤዝሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል። ለጠላቂ ይህ ጉድለት ነው፤ ሳይታወቅ ቢነካና ወደ ቀኝ ቢዞር ያለፈው ጊዜ ያነሰ መስሎ ይታያልና፤ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ወደ ግራ ብቻ እንዲዞሩ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምለካበት የመኪና ማቆሚያ ጊዜና የጀበና ቡና ስለሆነ ከቅጣት በቀር የሚያሰጋኝ የለም። ውኃ ውስጥ አላስገባውም። ፊቱ ላይ 200 ሜትር ተብሎ ቢጻፍም የተጻፈው ውኃ እንዳይገባ ለሚከላከለው የ1972 ጎማ ነው፤ ጎማው ቢቀየር፣ በግፊት መፈተሻ ቢፈተን እንኳ፣ መሙያው የሚጠመዘዝበት ቱቦና ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ሃምሳ ዓመት በላብና በጨው ተበልተዋል። አንዲት ጠብታ ብትገባ የምታበላሸው ያንኑ የማይተካውን ፊት ነው። የጠላቂ ሰዓት ገዝቶ እጅ ሲታጠብ ማውለቅ የሚያስቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። መዋኘት የሚፈልግ ሰው አዲስ ይግዛ።

ስለ ጥገናም ገዢው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ሰዓቱን ለራሱ ለሮሌክስ የጥገና ማዕከል ሲሰጡ የድሮውን ፊትና ቆጣሪ በአዲስ እንዲቀይሩ ሊያሳስቡዎት ይችላሉ፤ ከእነርሱ እይታ ሰዓት ማለት መሥራት ያለበት ዕቃ ነውና በዚህ አልፈርድም። ከዚያ የሚወጣው ሰዓት ከራስ እስከ እግሩ ኦርጅናል ነው፤ ዋጋው ግን ሲገባ ከነበረው ያነሰ ነው። የግል ሰዓት ሠሪ ደግሞ የሮሌክስን መለዋወጫ እንደ ልቡ አያገኝም። እኔ ሰዓቱን ለእነዚያው የመጀመሪያውን ለመረመሩልኝ ሰው ሰጥቼ «ፊቱን አይንኩ፣ ቀፎውን አይሞርዱ» የሚል ወረቀት አስፈርሜያቸዋለሁ፤ ለጽዳት፣ ለዘይትና ለጎማ 750 ዶላር ከፈልኩ። ይህን በግዢው ዋጋ ላይ ሳይጨምር የሚያሰላ ሰው ራሱን ያታልላል።

እንዲህ ያለውን ፍለጋ የማይወድ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ሮሌክስ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ያገለገሉ ሰዓቶችን ራሱ መርምሮ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና ሰጥቶ በወኪሎቹ በኩል ያሸጣል። ዋጋው ከሳንሶም ጎዳና ከፍ ያለ ነው፤ እንቅልፍ ግን ይገዛል። እኔ ያልመረጥኩት በእነዚህ ወራት የተማርኩትን ለመማር ስለፈለግኩ ነው፤ ደግሞም በእውነት ለመናገር ፍለጋው ራሱ ደስ ብሎኛል።

ከግዢው ሁለት ወር በኋላ በዚያ ጎዳና ሳልፍ ነጋዴውን ሰላም ልበል ብዬ ገባሁ። ሰዓቱን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፊቱን፣ እግሮቹን፣ ጠባሳውን አንድ በአንድ አዩ። «ቢሸጡልኝ 9,000 እሰጣለሁ» አሉኝ። ያ የሚያብረቀርቀውና የቀጠነው ሰዓት ከመስታወቱ ሣጥን ውስጥ አልነበረም፤ በ10,500 እንደ ተሸጠ ነገሩኝ።